ያዋሰ ያጠብቃል

እሁድ ጠዋት ግዌኖ የሻይ ኩባያዋን በግራ እጇ ላንሳ ብትል እጇ እምቢ አላት። ጣቶቿ ኩባያውን ከበቡት እንጂ አልጨበጡትም። ሻዩ ተደፋ፤ በዘቢብ ቂጣው ሥር አልፎ መኪናው ወለል ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ታላቅ ወንድሟ ሮድሪ በተከፈተው የመኪናው በር በኩል ቆሞ ሁሉንም አይቷል።

«በዚህ እጅ ነው ዛሬ ፍሬን የምትይዢው?»

«ሲሞቅ ይመለሳል።»

«ትናንትም ሲሞቅ ይመለሳል ብለሽ ነው ጭድ ውስጥ ገብተሽ የተገኘሽው።»

እውነቱን ነው። ትናንት በተራራ ብስክሌት ቁልቁለት ውድድሩ ማጣሪያ ከባላጋራዋ ከማሬድ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች። ግን ከተራራው ወርዳ መጨረሻው ሜዳ ላይ ስትደርስ ግራ እጇ በድን ሆነ፤ የኋላውን ፍሬን መያዝ አቅቷት መስመሩን አልፋ የጭድ ክምሩ ውስጥ ተሰካች። ተመልካቹ ለፉከራ ያደረገችው መስሎት አጨበጨበላት። እሷም እጇን አውለብልባ ሳቀች፤ ያውለበለበችው ግን ቀኙን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ተሰብሮ ብረት የገባበት የግራ አንጓዋ ዳነ ከተባለ ወራት አልፈውታል፤ ጉልበቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሏት ይጠፋል።

ዛሬ ደግሞ ቀልድ የለም። ቡድኑ ለበጋው የውጭ አገር ውድድሮች የሚወስደው አንዲት ሴት ብቻ ነው። ዛሬ ፎይል ጎኽ የሚባለውን ተራራ ከሁሉም ፈጥና የወረደችው ትሄዳለች፤ ግምቱ ግን ወይ ግዌኖ ወይ ማሬድ ነው፣ የቀረችው እዚሁ ከአባቷ በጎች ጋር ትከርማለች። ግዌኖ እጇን ታቅፋ በተቀመጠችበት ክረምት ቦታዋን የወሰደችው ማሬድ ናት። አልሰረቀችም፣ ጠርተዋት ነው የሄደችው። ግዌኖ ይህን ታውቃለች፤ ማወቅና መዋጥ ግን ለየቅል ናቸው።

«ጥፋቱ የመሪሽ ነው» አለ ሮድሪ፣ ሻዩን በጨርቅ እየጠረገ። «ቀጭኑን ልግጠምልሽ።»

የተራራ ብስክሌት መሪ መሐሉ ላይ፣ አንገት የሚባለው ብረት አንቆ በሚይዘው ቦታ፣ ሁለት ዓይነት ውፍረት አለው፦ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር፣ ወይም ሠላሳ አምስት። ልዩነቱ ከአንድ የካፖርት አዝራር ውፍረት አይበልጥም። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ግን በዚህች አዝራር የተነሳ ወንድማማቾች ተኮራርፈዋል፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር ሙሽራውን ረስተው የተጨቃጨቁ አሉ። ወፍራሙ ደንዳና ነው፤ ያዘዙትን ወዲያው ይሰማል፣ የድንጋዩንም ምት ሳይቀንስ እንዳለ ክንድ ላይ ያራግፋል። ቀጭኑ ትንሽ ይለመጣል፤ ለችኩል ሰው ሰነፍ ይመስላል እንጂ ክንድን ይምራል። የቀረው ሁሉ ጉራ ነው።

«ወፍራሙን የገጠምክልኝ ራስህ አይደለህ?» አለች ግዌኖ።

«እኔ ነኛ! ያኔ ደህና እጅ ነበረሽ።»

«በውድድር ቀን መሪ ይቀየራል? ማሬድ ሰምታ ስትስቅ ታየኝ።»

«ማሬድ ራሷ ከድሮ ጀምሮ በቀጭኑ አይደል የምትነዳው?»

«ለሱ ነዋ የማልፈልገው።»

ሮድሪ ኩባያውን እንደገና ሞልቶ ከፊቷ አስቀመጠላትና ክንዱን አጣጥፎ ጠበቀ። ግዌኖ ኩባያውን አየችው። ተራራው ወገብ ላይ «የአሮጊቷ ጥርሶች» የሚሉት ቦታ አለ፤ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋዮች በሰልፍ ቆመውበት፣ እነሱን እንደጨረሱ ወዲያው ትልቁ ዝላይ ይመጣል። ትናንት እጇ የከዳት ሜዳው ላይ ነው፣ ጭድም ነበረ። ዛሬ ጥርሶቹ ላይ ቢከዳትስ? እዚያ የሚቀበላት ጭድ የለም፤ አንጓው ዳግመኛ ከተሰበረ ደግሞ ብስክሌት የሚባል ነገር አብቅቶለታል።

«ግጠመው» አለች፣ ኩባያውን ሳትነካ።

ሮድሪ ቀጭን መሪ ከዕቃ ሣጥኑ ሥር አወጣ። ፍሬኑንና የእጅ መያዣ ጎማውን ሁሉ አሰናድቶበት ሲያበቃ ነው ጉዱ የመጣው። ያለው አንገት የወፍራሙ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ቢያስገቡበት ውስጡ ይንቀዋለላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ሮድሪ ዓይኑን ባዶ የቢራ ጣሳ ላይ ጣለ።

«ቆርጬ ብጠቀልልበት ክፍተቱን ይሞላዋል። ሰዎች ያደርጉታል።»

«ስንት ዙር?»

«ዐሥራ ስድስት ቢሆን ነው።»

«ዐሥራ ስድስት ዙር ቆርቆሮ ታምኜ ጥርሶቹ ላይ ልውረድ? ሮድሪ፣ ጭንቅላትህን ነው መጠቅለል ያለብህ።»

ሜዳውን ዞሮ ከድንኳን ድንኳን ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ወደ ወፍራሙ ዞሯል፤ የቀጭኑን አንገት ትርፍ የያዘ አልተገኘም። ሲመለስ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ነበር።

«ያላት አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

ግዌኖ ስሟን እንዲነግራት አልጠየቀችውም። ሮድሪ በመንገዱ አጋማሽ የያዘችውን ሰዓት ጮኾ ሊነግራት ጥርሶቹ ጋ ቆሞ መጠበቅ ስላለበት በእግሩ ወደ ተራራው ወጣ፤ እሷ ብስክሌቱን እየገፋች ብቻዋን ወደ ማሬድ ድንኳን ሄደች።

በዚያ ሜዳ የቆየ ልማድ አለ። ዕቃ የተጠየቀ አይከለክልም፣ ጠያቂው ባላጋራው ቢሆንም። ነገር ግን ያዋሰ ሰው ራሱ ገጥሞ ራሱ ያጠብቃል፣ ብሎኑም ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል፤ የተዋሰው ዕቃውን እስኪመልስ ድረስ ያንን ብሎን በጣቱ አይነካም። በዕቃዬ ሰው ቢሞት ኃጢአቱ የኔ ነው ከሚል የመጣ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ማሬድ ዝናቡን ተጠልላ ገንፎ እየበላች ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ ልጅ ናት።

«የቀጭኑ አንገት ትርፍ አለሽ አሉ» አለች ግዌኖ።

ማሬድ ማንኪያዋን አላስቀመጠችም። «ወፍራሙ ምን ሆነ? ትናንት በረርሽበት የለ?»

«እጄ ነው።»

ማሬድ እጇን አየችው፤ ከዚያ ወደ ተራራው ቀና ብላ አየች። እምቢ የምትል መሰለ። ግዌኖ እንዲያውም እምቢ ብትላት በወደደች፤ በወፍራሙ ትወርድና ቢያንስ የማንም ባለዕዳ አትሆንም ነበር።

«ብስክሌቱን አምጪው» አለች ማሬድ።

ሥራዋ ያለ ወሬ ነው። አሮጌውን ፈታች፣ የራሷን አንገት አሰረች፣ ቀጭኑን መሪ አስቀምጣ መሪውን ከፊት የሚዘጋውን የአንገቱን ክዳን ገጠመችበት፣ ብሎኖቹን የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው መፍቻ አጠበቀች። አንድ ጊዜ ጨርሳ ተነሣችና ተመልሳ ተንበርክካ ደግማ አየችው። በመጨረሻ ጥፍሯን ቀብታ የማታውቀው ማሬድ ከኪሷ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ከእያንዳንዱ ብሎን አናት እስከ ክዳኑ ቀጭን መስመር ሳበች።

«አትንኪው።»

«ልማዱን አውቀዋለሁ።»

«ማወቅሽንማ አልተጠራጠርኩም» አለች ማሬድ፤ ተመልሳ ወደ ገንፎዋ ዞረች።

ተወዳዳሪዎቹን የሚያወጣው ትራክተር ጎትቶ አናቱ ላይ ሲያደርሳቸው ካፊያው ወደ ጉም ተለውጦ ነበር። መነሻው ድንኳን ሥር ሴቶቹ በየተራ ወጡ። ከኋላ የሚነሱት ትናንት የፈጠኑት ናቸውና፣ በመጨረሻ ከግዌኖ፣ ከማሬድና ከአስነሺው ከኢቮር ሌላ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። ግዌኖ ከትራክተሩ የተረጨውን ጭቃ ከመሪዋ ላይ በጓንቷ ስትጠርግ ዓይኗ ክዳኑ ላይ አረፈ።

የክዳኑ ላይኛ ጠርዝ ከአንገቱ ጋር ጥርቅም ብሎ ገጥሟል፤ ብርሃን አያሳልፍም። ታችኛው ጠርዝ ግን ክፍት ነው፤ ጥፍር ያስገባል።

ብስክሌት ከያዘችበት ቀን ጀምሮ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል ይሁን የሚል ነው። ወደ አንድ ወገን የተዛባ ክዳን መሪውን ይሰብራል፤ ይህን ሮድሪ ገና ልጅ ሳለች እየደጋገመ በጆሮዋ አስገብቶባታል፤ አሮጌው አንገቷም ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚታሰረው። ማሬድ ደግሞ ይህን የማታውቅ ጀማሪ አይደለችም። ታዲያ ለምን? ለምንስ ነው አትንኪው ያለቻት? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! እሷ ደግሞ ሳታምነው ነው የተቀመጠችበት።

ማሬድ አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች፣ የጓንቷን ማሰሪያ እያኘከች። ልጠይቃት? አለች ግዌኖ በልቧ። ተንኮል ከሆነ ምንም አይደለም ትላለች፤ ተንኮል ካልሆነም ምንም አይደለም ትላለች። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መልስ አያሻውም፣ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ሮድሪ ቢኖር በአንድ ቃል ይገላግላት ነበር፤ ሮድሪ ግን ከታች ጉሙ ውስጥ ነው፣ ስልክም እዚያ ተራራ ላይ አይሠራም።

«ግዌኖ፣ ልጄ፣ ይቺ ከወጣች ያንቺ ተራ ነው» አሏት ኢቮር።

«አጎቴ ኢቮር፣ አንዴ ከድንኳኑ ጀርባ ደርሼ ልምጣ። ሽንቴ መጣ።»

«ብስክሌቱን ይዘሽ?»

«በግ እንዳይበላብኝ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ፍጠኚ፤ የማንንም ሽንት የሚጠብቅ ሰዓት የለኝም።»

ከድንኳኑ ጀርባ ተንበረከከች። የራሷ መፍቻ ኪሷ ውስጥ ነበር። የላይኞቹን ብሎኖች ስትፈታቸው ቀዩ ቀለም ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ድምፁ ምንም ያህል አልነበረም፣ እሷን ግን አስደነገጣት። ከላይ አላላች፣ ከታች ሳበች፣ በጥፍሯ ለካች፣ ደግሞ አጠበቀች፣ እኩል እስኪሆን። ሲስተካከል እፎይ አለች። አሁን መሪው የምታውቀውን መልክ ያዘ። በአውራ ጣቷ ጭቃ ጠቅሳ በተሰበረው መስመር ላይ ለቀለቀችበት።

ስትመለስ ማሬድ ቀና ብላ አየቻት።

«ከጥርሶቹ በታች ያለው ዝላይ ረጥቧል» አለቻት። «ቀኙን ያዢ።»

ይኼኛው ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው አለች ግዌኖ በልቧ፤ እኔ ቀኙን ይዤ እሷ ግራውን ልትበርበት። ኢቮር በጣታቸው እየቆጠሩ አስነሷት።

ወረደች። የመጀመሪያው ቁልቁለት ሥር ካለው ጫካ ወጥታ ድንጋዩ ሲጀምር ግራ እጇን ጠበቀችው፤ መቼ ነው የሚከዳኝ እያለች። አልከዳትም። መሪው ምቱን እየዋጠ፣ እየተለመጠ፣ ትርፉን ብቻ ያቀብላታል። ጣቶቿ በራሳቸው ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ ፍሬኑ ይሰማታል። በጥቅምት ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ነድታ አታውቅም። ደስታው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው በሄልሜቷ ውስጥ ሳቀች። ጥርሶቹ ላይ ደረሰች፣ በጥርሶቹ መሐል ተሹለከለከች፤ ሮድሪ ከድንጋይ ላይ ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፦

«ማሬድን ቀድመሻታል! ከትናንቱ ሰዓቷ ፈጥነሻል! ንጂው!»

ዝላዩን ግራ ይዛ ዘለለችው። አየር ላይ ሳለች ነው ታች ያለውን ያየችው፤ ግራው ውሃ ተኝቶበት ያብለጨልጫል፣ ቀኙ በዛፍ ተጠልሎ ደረቅ ነው። ማሬድ እውነቷን ነበር። ይህን አስባ ለመጨረስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። የፊት ጎማው መሬት ሲነካ መሪው በአንገቱ ውስጥ ዞረ። ክብደቷ ያረፈበት ነገር ከእጇ ሥር ወደ ታች ሄደ፣ ፍሬኖቹ ጣቶቿ ከማይደርሱበት ገቡ፤ ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ፊት ተወረወሩ።

ቅጠሉና ጭቃው ተቀበሏት። ተነሳች። መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች። ደህና ነው። ቀጥላ መንገዱን አስታወሰች፤ ብስክሌቱን ጎትታ ከመስመሩ አወጣች፣ ለመንገድ ጠባቂውም ደህና ነኝ ብላ እጇን አነሳችለት። መንገዱ ስለተለቀቀ ውድድር የሚያስቆመው ባንዲራ አልተውለበለበም። እንዲህ ሲሆን ኋላ የምትመጣው ዝም ብላ ታልፋለች፤ በራሷ ፈቃድ የቆመች ሁለተኛ ዕድል አይሰጣትም።

የማሬድ ጎማ ጥርሶቹ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ። ዝላዩን በቀኙ ዘላ በደረቁ ላይ አረፈች፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ዓይኗ ወደ ዳር ሄደና የተጠመዘዘውን መሪ አየች። ፍሬኗን ሁለቱንም ያዘች። ጎማዋ ጭቃውን አርሶ ቆመ፣ ብስክሌቷን መሬት ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ሂጂ!» ጮኸችባት ግዌኖ። «ምን ሆነሻል? ሰዓትሽ እየሄደ ነው፣ ሂጂ!»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ደህና ነኝ እኮ! አንቺ ሴት፣ ሂጂ!»

«እጅሽን አሳዪኝ እላለሁ!» ማሬድ ሄልሜቷን አውልቃ ወረወረች። ፊቷ አመድ መስሏል። የግዌኖን አንጓ በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው፣ ዳበሰችው። «አጥብቄው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ልኩን ነው ያጠበቅሁት፤ ወይስ ልኩን ተሳስቼ አነበብኩት? ግዌኖ፣ ልገድልሽ ነበር እኮ!»

ሮድሪ ከላይ እየተንሸራተተ ደረሰ። የዞረውን መሪ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይኼን ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ» አለች ማሬድ። ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ነኝ፣ ሮድሪ። ያዋስኩት እኔ፣ ያጠበቅሁት እኔ።»

ግዌኖ ክዳኑን አየችው። ጭቃው እንዳለ አለ። ቀዩ መስመር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚሰበር ለማንም አይታይም። ዝም ብትል ሁለቱም ያምናሉ፤ የሜዳው ሰው ሁሉ ያምናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከማሬድ እጅ ዕቃ የሚቀበል አይኖርም። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ትንፋሽ ለወሰደችበት ያህል ጊዜ ዝም አለችም። አፈረች፤ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳረፈችና ጭቃውን ጠረገች። የተሰበረው ቀይ መስመር ወጣ፤ ግማሹ ብሎኑ አናት ላይ፣ ግማሹ ከቦታው ርቆ ክዳኑ ላይ።

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለች። «ከላይ ዝግ፣ ከታች ክፍት ነበር። ሆን ብለሽ ያደረግሽው መሰለኝ።»

ሮድሪ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «የዚህ ዓይነቱ እኮ ላይኛው ተዘግቶ ታችኛው ክፍት ነው የሚቀረው! አሠራሩ ነው! እኩል ካደረግሽው መሪውን አይጨብጥም! አንቺ ልጅ...» ብሎ ተወው።

ማሬድ አልጮኸችም። መስመሩን አየችው፣ ቀጥላ ግዌኖን አየቻት።

«አጠገብሽ ቆሜ ነበር እኮ» አለች። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ከታች ከሜዳው የድምፅ ማጉያው ከእነሱ በፊት የወረደችውን የሦስተኛይቱን ልጅ ስም ይጠራል፤ ሰው ያጨበጭባል። የውጭ አገሩ መንገድ የዚያች ሆኗል።

«መፍቻውን ስጪኝ» አለች ማሬድ።

ግዌኖ ያንኑ መፍቻ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ማሬድ ተንበርክካ ሁሉንም ብሎን አላላች፣ መሪውን ወደ ቦታው መለሰች፣ የላይኞቹን ጥርቅም እስኪሉ ዘጋቻቸው። ታችኞቹ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ተነሣችና መፍቻውን መልሳ ዘረጋችላት።

«ታችኞቹን አንቺ አጥብቂያቸው። አንገቱ ያንቺ ይሁን፣ ሰጥቼሻለሁ። የተሰጠ ዕቃ ባለቤቱ ነው የሚያጠብቀው።»

«ማሬድ፣ እመልስልሻለሁ። የተዋስኩት ነው።»

«አይ፣ ከእንግዲህ ላንቺ አላውስም» አለች ማሬድ። ሄልሜቷን ከቅጠሉ ውስጥ አነሣች፣ ብስክሌቷን አቁማ ሳትወጣበት እየገፋች ቁልቁል ሄደች። ሮድሪም ከጥቂት በኋላ ተከተላት።

ግዌኖ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ታችኞቹን ብሎኖች ብቻዋን አጠበቀች። ግራ እጇ አልከዳትም።